ከወጌሻ ቤት የወጣው ሐኪም



በስደት ሀገር ሁለት ሦስት ሆነን ቡና ላይ ስንቀመጥና የጤና ነገር ሲነሣ፣ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ ወጌሻ ላይ መድረሱ አይቀርም። አንዱ በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ የተሰበረ እግሩን ያቃኑለትን አዛውንት ስማቸውን ጠርቶ ይመርቃል፤ ፈረንጅ በማሽን የሚፈልገውን እኛ በጣታችን እናገኘዋለን ይላል። ሌላው ደግሞ የወጌሻ ማሰሪያ ጠብቆበት እጁ የተቆረጠውን የሰፈሩን ልጅ ያስታውስና፣ ይህ ነገር በሕግ መከልከል አለበት ይላል። ክርክሩ ይጦፋል፣ ቡናው ይቀዘቅዛል፣ ሁለቱም ሳይተማመኑ ይለያያሉ። እኔ ይህን ክርክር በሰማሁ ቁጥር አንድ ሰው ትዝ ይለኛል። ሀገሩ ኢትዮጵያ አይደለም፤ ከሞተም ከ130 ዓመት በላይ ሆኖታል። ነገር ግን ይህ ክርክር በገዛ ቤቱ ውስጥ፣ በእሱና በአባቱ መካከል ተካሂዷል። ስሙ ሂዩ ኦውን ቶማስ ይባላል። የዛሬው ጽሑፌ ስለ እሱ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

ታሪኩ የሚጀምረው በመርከብ አደጋ ነው። በ1745 ገደማ፣ በዌልስ ሰሜናዊ ምዕራብ ጫፍ በምትገኘው አንግልሲ በምትባል ደሴት ዳርቻ አንድ መርከብ ይሰበራል። ከአደጋው አንድ ትንሽ ልጅ ተርፎ ይወጣል። ልጁ እንግሊዝኛም ዌልስኛም አይናገርም። ከየት እንደመጣ የጠየቀው ሁሉ መልስ አላገኘም፤ አንዳንዱ የስፔን ልጅ ነው አለ፣ ሌላው ሌላ ሀገር ጠራለት። የደሴቲቱ ሰዎች አሳደጉት፣ ኢቫን ቶማስ ብለውም ስም አወጡለት። ልጁ ከፍ ሲል አንድ ልዩ ተሰጥዖ ታየበት። የተሰበረ የወፍ ክንፍ፣ የተሰበረ የእንስሳ እግር ያቃና ጀመር። ከእንስሳ ወደ ሰው ተሻገረ። ቤቱ የገበሬውና የዓሣ አጥማጁ መሄጃ ሆነ። በእኛ ቋንቋ ይህ ሰው ወጌሻ ነው፤ ሌላ ቃል መፈለግ አያስፈልግም። ሙያውንም ለልጁ፣ ልጁም ለልጁ አወረሰ። ቋንቋ የማያውቅ ስደተኛ ሕፃን በደረሰበት አገር እጁን ቋንቋው አድርጎ ኖረ ማለት ነው። በአዲስ አገር ዲግሪው ሳይሆን እጁ ያበላው ስንቱ ወገናችን ነው!

የልጅ ልጁም ኢቫን ቶማስ ይባላል። በ1804 የተወለደው ይህ ሰው በወጣትነቱ ደሴቱን ትቶ ወደ ሊቨርፑል ተሰደደ። ሊቨርፑል በዚያ ዘመን ከዓለም ታላላቅ ወደቦች አንዷ ነበረች። ከዌልስ፣ ከስኮትላንድ፣ በኋላም በረሃብ ምክንያት ከአየርላንድ የሚጎርፈው ድሃ ሁሉ የሚያርፍባት ከተማ ናት። ኢቫን መጀመሪያ ብረት ማቅለጫ ውስጥ ተቀጠረ። የብረት ማቅለጫ ደግሞ አጥንት የሚሰበርበት ቦታ ነው። የተጎዱ ባልደረቦቹን ሲያቃና ዝናው ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ትቶ በወጌሻነት ብቻ መተዳደር ጀመረ። የወደቡ ሠራተኛ፣ መርከበኛው፣ ግንበኛው በሩ ላይ ይሰለፍ ነበር።

ይህ ግን የከተማውን ሐኪሞች አላስደሰተም። ያልተማረ ሰው እኛ ያልቻልነውን አዳንኩ እያለ ገበያችንን ወሰደ አሉ። ኢቫን ቶማስ ደጋግሞ ፍርድ ቤት ቆመ። ሕመምተኛው ይመሰክርለታል፣ ሐኪሙ ይመሰክርበታል። በየጊዜው ቢያመልጥም የሚቀጥለው ክስ መቼ እንደሚመጣ አያውቅም። እናም እኛ በደንብ የምናውቀውን አንድ ውሳኔ ወሰነ። እኔ የደረሰብኝ በልጆቼ ላይ አይደርስም፤ ወረቀት የሌለው ሰው ተብለው አይከሰሱም ብሎ አምስት ወንዶች ልጆቹን በሙሉ ሕክምና አስተማረ። አምስቱም ሐኪም ሆኑ። በ1858 የእንግሊዝ ፓርላማ ሐኪሞች በመዝገብ እንዲሰፍሩ የሚያዘውን ሕግ ሲያወጣና በተማረና ባልተማረ መካከል በሕግ አጥር ሲቆም፣ የአባትየው ፍርሃት ትክክል እንደነበረ ታየ። እርሱ ከአጥሩ ውጪ ቀረ፣ የበኩር ልጁ ሂዩ ግን አጥሩ ከመቆሙ ከአንድ ዓመት በፊት በ1857 የቀዶ ሕክምና ፈቃዱን ይዞ ነበር።

ሂዩ ኦውን ቶማስ የተወለደው በነሐሴ 1834 እዚያው አንግልሲ ደሴት ላይ ነው። ጤናው ደካማ ስለነበር የልጅነቱን ዘመን የባሕሩን አየር እየሳበ በእናቱ ወላጆች ቤት አሳለፈ። ከዚያ ሐኪም ከሆነው አጎቱ ዘንድ ለአራት ዓመት ሙያ ተማረ፤ ቀጥሎም በኤዲንበርግና በለንደን ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱን ጨረሰ። ፓሪስም ሄዶ ሆስፒታሎችን አየ። ሲመለስ እንደ ተጠበቀው ሊቨርፑል ገብቶ ከአባቱ ጋር መሥራት ጀመረ።

አብረው የቆዩት ግን ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። አባት ከአባቱ የወረሰውን እንደ ምሥጢር ይዞ፣ ምክንያቱን ሳይጠይቅ ይሠራል። ልጅ ደግሞ የሰውነትን አሠራር ተምሮ መጥቷል፤ ይህ ለምን ይሆናል፣ ያ ለምን አይሆንም ይላል። ሁለት ኃይለኛ ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር አልቻሉም፤ ተለያዩ። ልጁ የራሱን ሥራ ከፈተ። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። አባት ልጄ እንደ እኔ እንዳይዋረድ ብሎ ያለውን ሁሉ ከፍሎ ያስተምራል፤ የተማረው ልጅ ደግሞ በተማረው ምክንያት ከአባቱ ጋር መቀመጥ ያቅተዋል። በስደት ልጅ ያሳደገ ሁሉ ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። ጥፋቱ የማን ነው ብሎ መፍረድ ግን ይከብዳል።

ሆኖም ልጁ ከአባቱ ቤት ባዶ እጁን አልወጣም። ሂዩ ቶማስ አንድም ጊዜ የሆስፒታል ሹመት አላገኘም፤ ዕድሜውን በሙሉ የሠራው በገዛ ቤቱ ነው። ከ1866 ጀምሮ በሊቨርፑል ኔልሰን ስትሪት፣ ቁጥር 11 የነበረው ቤቱ ክሊኒክም፣ ፋብሪካም፣ ትምህርት ቤትም ነበር። በግቢው ውስጥ ብረት ቀጥቃጭና ኮርቻ ሰፊ ቀጥሮ ነበር። ሕመምተኛው ሲመጣ ልኩ ይወሰዳል፤ ብረቱ ይጠመዘዛል፣ ቆዳው ይሰፋል፤ ለእሱ ለብቻው የተሠራ ድጋፍ ይታሰርለታል። ሐኪሙ ራሱ ብረቱን እየያዘ ያርመዋል። ከሆስፒታል የወጣ ሐኪም እንዲህ አያደርግም፤ ይህ የወጌሻ ቤት ልማድ ነው።

መልኩም ከሌሎች ሐኪሞች ጋር አይመሳሰልም ነበር። አጭርና ቀጭን ሰው ነው። ኮቱን እስከ አንገቱ ይቆልፋል። በአንድ ዓይኑ ቆብ ላይ የደረሰ ጉዳት ስለነበረበት እንደ መርከበኛ ያለ ባርኔጣ ዓይኑ ላይ ደፍቶ ይሄዳል፤ ሲጋራ ከአፉ አይጠፋም። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ በቀይ ቀለም በተቀባ የፈረስ ጋሪ በየሰፈሩ ሕመምተኛ ይጎበኛል፤ ከዚያ ቤቱ ተመልሶ እስከ ማታ ይሠራል። እሑድ ቀን ድሃ በነጻ የሚታይበት ቀን ነበር። ከሊቨርፑል ብቻ ሳይሆን ከሩቅ ከተሞች ሽባው በጋሪ፣ አንካሳው በምርኩዝ፣ ሕፃኑ በእናቱ ጀርባ ይመጣ ነበር። ከመርከብ ሠሪዎችና ከብረት ሠራተኞች ማኅበራት ጋርም ይሠራ ነበር። እነዚህ ማኅበራት ሠራተኛው በየሳምንቱ ጥቂት ሳንቲም እያዋጣ ሲታመም የሚታከምባቸው፣ ከእኛ እድር ብዙም የማይርቁ ነበሩ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ቶማስ ምን አዲስ ነገር አመጣ? ይህን ለመረዳት የዘመኑን ሕክምና ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሳንባ ነቀርሳ የድሃ ልጆች መቅሠፍት ነበር። ሳንባ ነቀርሳ ስንል ሳንባ ብቻ ይመስለናል እንጂ ዳሌን፣ ጉልበትን፣ አከርካሪን ይበላል። መድኃኒት የለም፤ የመጀመሪያው መድኃኒት ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው በ1943 ነው። ስለዚህ ብዙ የታወቁ ቀዳጆች የታመመውን መገጣጠሚያ ቆርጠው ያወጡ ነበር፤ ካልሆነም እግሩን በሙሉ ይቆርጡታል። ቶማስ ይህን በብርቱ ተቃወመ። የታመመ መገጣጠሚያ ራሱን የማዳን ኃይል አለው፤ የሐኪሙ ሥራ ያንን ኃይል አለማደናቀፍ ነው አለ። የሚያስፈልገው ዕረፍት ነው። ዕረፍቱም ለሕመምተኛው ፈቃድ የሚተው አይደለም፤ በድጋፍ ተገድዶ የሚያርፍ መሆን አለበት። ዛሬ ፈትቶ ነገ የሚያስሩት ዓይነትም መሆን የለበትም። በወር የሚለካም አይደለም፤ ዓመትም ከጠየቀ ዓመት ይቆያል።

ታዲያ የሠራተኛ ልጅ ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ እንዴት ይተኛል? የብረት ድጋፎቹ መልስ የሚሰጡት ለዚህ ጥያቄ ነው። የታመመው እግር በብረት ተይዞ መሬት ሳይነካ፣ ጤነኛው እግር ከጫማው ሥር ከፍታ ተጨምሮለት፣ ልጁ በምርኩዝ ደጅ ወጥቶ አየርና ፀሐይ እንዲያገኝ አደረገ። ይህን ሁሉ በ1875 ሊቨርፑል ላይ ባሳተመው፣ የዳሌን፣ የጉልበትንና የቁርጭምጭሚትን ሕመሞች በሚመለከት መጽሐፉ ገለጸው።

በስሙ የሚጠራ አንድ ምርመራም አለ። የዳሌ መገጣጠሚያ ታሞ ጭኑ ታጥፎ ሲቀር ሕመምተኛው ወገቡን ቀስት አድርጎ ጉድለቱን ይሸፍነዋል፤ ጀርባው ላይ ሲተኛ እግሩ ቀጥ ያለ ይመስላል። ቶማስ ያደረገው ቀላል ነገር ነው። ጤነኛውን ጉልበት ወደ ሆድ አጥፎ ይይዘዋል። ያኔ ወገቡ ጠረጴዛው ላይ ጠፍጥፎ ይተኛል፣ የተደበቀው ይገለጣል፤ የታመመው ጭን በራሱ ብድግ ይላል። ማሽን የለም፣ ወጪ የለም። የሕክምና ተማሪ ሁሉ ዛሬም ይህን ምርመራ ይማራል። ልብ በሉ፣ ኤክስሬይ የተገኘው ቶማስ ከሞተ ከአራት ዓመት በላይ ቆይቶ በ1895 መጨረሻ ነው። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሠራው በዓይኑና በእጁ ብቻ፣ እንደ አባቶቹ ነበር።

ስሙን ከሁሉ በላይ ያስጠራው ግን ለጉልበት ሕመም ብሎ የሠራው ድጋፍ ነው። ሲያዩት ተራ ነገር ነው። በቆዳ የተሸፈነ የብረት ቀለበት ጭኑ ሥር ይገባና በመቀመጫ አጥንት ላይ ያርፋል። ከቀለበቱ ሁለት ቀጫጭን ብረቶች በእግሩ ግራና ቀኝ ወርደው ከእግር ጫማ በታች ይገናኛሉ። እግሩ በተጣባቂ ጨርቅ ተይዞ ወደ ታች ተስቦ ከብረቱ ጫፍ ጋር ይታሰራል። ወደ ታች ሲሳብ ቀለበቱ ወደ ላይ ይገፋል፤ በሁለቱ መካከል አጥንቱ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። እግሩ ዙሪያውን ስላልተሸፈነ ሐኪሙ የቆዳውን ቀለም፣ እብጠቱን፣ ቁስሉን በየቀኑ ማየት ይችላል።

ስለ አጥንት መጠገንም ብዙ ተመራምሯል። ከወራት በኋላ አልገጥም ያለ ስብራት ሲመጣበት፣ ቦታውን በመዶሻ በቀስታ እየመታና ከስብራቱ በላይና በታች ለጊዜው እያሰረ ደም እንዲጠራቀም ያደርግ ነበር። ሐሳቡ ደም የበዛበት ቦታ አጥንት ያበቅላል የሚል ነው። ዘዴው ዛሬ አይሠራበትም፤ ነገር ግን ከሥሩ ያለው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ዛሬ እንደምናውቀው ስብራት የሚድነው መጀመሪያ ደም ረግቶ፣ ቀጥሎ ለስላሳ ሥጋ መሰል ነገር በቅሎ፣ እሱም ወደ ጠንካራ አጥንት ተለውጦ፣ በመጨረሻም ለወራትና ለዓመታት ቅርጹን እያስተካከለ ነው። ለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ የደም ዝውውርና መረጋጋት።

በሁሉም ነገር ትክክል ነበር ብዬ ግን አላሞካሸውም። ረጅሙን ዕረፍት ለሁሉም ሕመም መድኃኒት አድርጎ ነበር የሚያየው። ከእሱ በኋላ የመጡት ሐኪሞች መጠነኛ እንቅስቃሴ አጥንቱን እንደሚያበረታ፣ ለረጅም ጊዜ የታሰረ መገጣጠሚያ እንደሚደርቅ፣ ጡንቻም እንደሚሟሽሽ አሳይተዋል። ዛሬ የተሰበረ ጭን በብረት ዘንግ ከውስጥ ይጠገንና ሕመምተኛው በቀናት ውስጥ ይነሣል።

ጠባዩም አስቸጋሪ ነበር። መጽሐፎቹ ጠብ የሞላባቸው ናቸው፤ አጻጻፉ ከባድ፣ ተቃዋሚውን ሳይሰድብ ማለፍ የማይሆንለት። የለንደን ታላላቅ ሐኪሞች ያነበቡት ጥቂቶች ናቸው፤ ያነበቡትም ተቀይመው አስቀመጡት። ዋጋውን ያወቁት በመጀመሪያ ከሩቅ የመጡ ነበሩ። በ1887 ጆን ሪድሎን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም አትላንቲክን አቋርጦ መጥቶ ከእሱ ዘንድ ተማረና ዘዴውን ይዞ ተመለሰ። ነቢይ በሀገሩ አይከበርም የሚባለው እንግሊዝ ሀገርም ይሠራል ማለት ነው።

ሂዩ ቶማስ በጥር 1891፣ በክረምቱ ብርድ ሕመምተኛ ሲያይ ብርድ መትቶት፣ በሳንባ ምች በ56 ዓመቱ ሞተ። ሆስፒታሎች ያልፈለጉትን ሐኪም የሊቨርፑል ሠራተኛ ሕዝብ በብዙ ሺህ ወጥቶ ቀበረው። የወደብ ጫኙ፣ መርከበኛው፣ ልጇ የቆመላት እናት መንገዱን ሞሉት። ልጅ አልነበረውም። ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ስሙን ዛሬ የሚያውቀው ባልነበረ።

ነገር ግን ቤቱ ውስጥ አንድ ልጅ አሳድጎ ነበር። የሚስቱ የኤልሳቤጥ የወንድም ልጅ ሮበርት ጆንስ በ1873፣ በ16 ዓመቱ መጥቶ ከእነሱ ጋር መኖር ጀመረ። ሕክምና እየተማረ በአጎቱ ክሊኒክ ሠራ። ጆንስ የአጎቱን እጅ ወረሰ፣ ጠባዩን ግን አልወረሰም። ሰው የሚወድ፣ ጨዋታ የሚያውቅ፣ ከተቃዋሚው ጋር ምሳ መብላት የሚችል ሰው ነበር። አጎቱ በጠብ ያላስገባውን እሱ በፈገግታ አስገባው።

በ1888 የማንቸስተር የመርከብ ቦይ ሲቆፈር ጆንስ የሥራው ዋና ሐኪም ሆኖ ተሾመ። ቦዩ 58 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከ10,000 የሚበልጥ የቀን ሠራተኛ ይቆፍራል፣ ድንጋይ ያፈነዳል፣ ባቡር ይገፋል። አደጋ የዕለት ተዕለት ነገር ነበር። ጆንስ መስመሩን ከፋፍሎ ሦስት ሆስፒታሎችንና በመካከላቸው የመጀመሪያ እርዳታ ጣቢያዎችን አቆመ፤ የተጎዳው ሠራተኛ በሥራው ባቡር ተጭኖ ወዲያው እንዲደርስ አደረገ። ለሥራ አደጋ ታስቦ በዚህ መልክ የተደራጀ አገልግሎት ከዚያ በፊት አልታወቀም። ዛሬ በየሀገሩ የምናየው የድንገተኛ አደጋ ሥርዓት አንዱ ሥሩ እዚያ ጭቃ ውስጥ ነው። የተሠራውም ስማቸው ለማይታወቅ ቆፋሪዎች ነው።

ከዚያ በ1914 ታላቁ ጦርነት መጣ። የጭን አጥንት በጥይት ሲሰበር ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ጭን ትልልቅ ጡንቻዎች ያሉበት ቦታ ነው። አጥንቱ ሲሰበር ጡንቻው ይኮማተርና የተሰበሩትን ጫፎች እርስ በርስ ያነባብራል፤ ስለቱ ሥጋና የደም ሥር ይቀዳል። ቃሬዛው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ይደማል፣ ያማል። ወታደሩ ሆስፒታል ሳይደርስ ደሙ አልቆ ይሞታል። በጦርነቱ መጀመሪያ ክፍት የጭን ስብራት ከደረሰባቸው ከ100 ወታደሮች 80 ያህሉ ይሞቱ ነበር ተብሎ ሲነገር ኖሯል፤ በቅርብ ጊዜ የታሪክ አጥኚዎች ይህ አኃዝ ግምት እንጂ ቆጠራ አይደለም ብለዋል። ግምቱን ብንቀንሰውም እልቂቱ ከባድ ነበር።

በጦሩ ውስጥ የአጥንት ሕክምና ኃላፊ የሆነው ሮበርት ጆንስ የአጎቱን ድጋፍ ይዞ ቀረበ። ለሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ ጉልበት የተሠራው ብረት ለጦር ሜዳ ሆነ። ቃሬዛ ተሸካሚዎች ዓይናቸው ተሸፍኖ በጨለማ ማሰር እስኪችሉ ድረስ ተለማመዱ፤ ጫማና ሱሪ ሳያወልቁ እዚያው በወደቀበት ያስሩት ነበር። በ1917 በአራስ ጦርነት ላይ የጭን ስብራት የደረሰባቸው 1,009 ወታደሮች ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህ የሞቱት 15.6 በመቶ ናቸው። አንድ የብረት ቀለበትና ሁለት ዘንግ ብቻውን ይህን አደረገ ማለቴ አይደለም፤ ቀዶ ሕክምናውም፣ የደም መስጠቱም፣ ማጓጓዣውም ተሻሽሎ ነበር። የድጋፉ ድርሻ ግን ታላቅ መሆኑን የሚክድ የለም። ዛሬም በአምቡላንሶች ውስጥ የተሻሻሉ የልጅ ልጆቹ አሉ፤ በሆስፒታል ደግሞ ዋናው ራሱ በተለይ ለሕፃናት ያገለግላል።

አሁን ወደ ጥንተ ነገሬ፣ ወደ ቡናው ክርክር ልመለስ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። በዘጠኝ ዓመቴ የግራ ክንዴ ተሰብሮ በሠፈራችን ወጌሻ የዳንኩ ሰው ነኝ። አዛውንቱ ቅቤ ቀብተው አሹኝ፣ በቀርከሃና በጨርቅ አሰሩኝ፤ ዛሬ በዚያ ክንድ ዕቃ አነሣለሁ። ያን ዕለት ግን ሌሊቱን በየሰዓቱ እየተነሡ ጣቶቼን ሲነካኩ፣ ሲያንቀሳቅሱ ነበር ያደሩት። ያኔ የሚያባብሉኝ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ደሜ ጣቴ ድረስ መድረሱን እያረጋገጡ ነበር። ማንም ስላላስተማራቸው ግን ምክንያቱን አልነገሩንም፤ ሙያውን ከእሳቸው ቀጥሎ የያዘውም ሰው ይህንኑ ያደርግ እንደሆነ እንጃ።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጥሩው ወጌሻና አደገኛው ወጌሻ የሚለያዩት በተሰጥዖ ብቻ አይደለም። የተሰበረ እጅና እግር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል። ዙሪያውን አጥብቆ የታሰረ ማሰሪያ ግን አይሰፋም። ደም ይቋረጣል፤ ጣቱ ይቀዘቅዛል፣ ይደነዝዛል፣ ይጠቁራል፤ ሥጋው ይሞታል። ሐኪሞች ጋንግሪን የሚሉት ይህ ነው፤ ያኔ መቁረጥ እንጂ ሌላ መፍትሔ የለም። በሆስፒታል ጄሶም ቢሆን ጠብቆ ከተተወ ያው ነው። ስለዚህ ሀገር ቤት ያለ ዘመድ ታስሮ ሕመሙ እየባሰ ሄደ፣ ጣቶቹ ደነዘዙ ወይም ቀለማቸው ተለወጠ ብሎ ከደወለላችሁ፣ እስኪነጋ እንየው አይባልም። ማሰሪያው ወዲያው ይላላ፣ ወዲያውም ሆስፒታል ይሂድ።

ደስ የሚያሰኘው፣ መፍትሔው ተሞክሮ መታየቱ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም በሀገራችን ያሉ ወጌሾችን ሰብስቦ የአንድ ቀን ትምህርት ሰጠ። ማሰሪያ እንዴት እንደሚላላ፣ አደጋ እንዴት እንደሚታወቅ፣ መቼ ወደ ሆስፒታል እንደሚላክ አስተማራቸው። ከትምህርቱ በኋላ በጋንግሪን የሚመጣውም፣ የሚቆረጠውም ሰው ቁጥር ቀነሰ፤ ውጤቱም በ2005 በእንግሊዝ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። አንድ ቀን ብቻ! ወጌሻውን በክስ አላሳደደውም፤ ዝም ብሎም አላሞገሰው። ቁጭ ብሎ አስተማረው።

የቶማስን ቤተሰብ ታሪክ ሳነብ የማየው ይህንኑ ነው። የመጀመሪያው ሰው እጅ ነበረው፤ ሲሞት ሙያው በቤተሰቡ ውስጥ ብቻ ቀረ። አባትየው ዋጋ ከፈለ፣ ልጆቹን አስተማረ። ሂዩ የወጌሻውን እጅ ከሐኪሙ ዕውቀት ጋር አጋባ፣ ጻፈ፣ ግን ከሰው ጋር መግባባት አቃተው፤ በዚህም ምክንያት ዕውቀቱ በሕይወቱ ዘመን ከኔልሰን ስትሪት ብዙም ሳይርቅ ቀረ። ከ1875 እስከ 1917 ከ40 ዓመት በላይ ነው። በዚያ መካከል የሞተውንና የተቆረጠውን ማን ቆጠረው? ስሕተቱም የአንድ ወገን አልነበረም፤ የናቁትም፣ የተሳደበውም እኩል ተካፍለውታል። ሮበርት ጆንስ መጥቶ ሁለቱን ወገኖች ባያነጋግር ኖሮ ቁጥሩ ከዚያም በበዛ ነበር።

በመካከላችን ሐኪሞች አሉ፣ ነርሶች አሉ፣ ሕክምና የሚማሩ ልጆች አሉን። ለበዓል ወይም ለሠርግ ሀገር ቤት ሲሄዱ ሻንጣቸው ውስጥ ስጦታ አይጠፋም። የሠፈራቸውን ወጌሻ ግማሽ ቀን ቁጭ ብለው ቢያነጋግሩ፣ እሱም ከእጁ ቢያሳያቸው፣ እነሱም ከመጽሐፋቸው ቢነግሩት፣ ከሻንጣው ስጦታ ይበልጣል ባይ ነኝ። ወጌሻው የሚያውቀው ነገር አለ፤ የማያውቀውም አለ። ዶክተሩም እንደዚያው ነው።

ቸር ይግጠመን።